ተቀባይዋን ማን ያስታውሳል?
(ስለ እጅጋየሁና ስለ ትዕግሥት ሽባባው)

ባለፈው ሴሚስተር እኛ ጥቂት የአርት ተማሪዎች ተሰባስበን አንድ የባህል ምሽት አዘጋጅተን ነበር። ዘፋኝ ተገኘ፤ ክራር መቺ ተገኘ፤ ከበሮውም ከአንድ ደግ ሰው ቤት በውሰት መጣ። የጠፋው ተቀባይ ብቻ ነበር። አራት ልጆች ለምነን፣ አራቱም እሺ ብለው ሲያበቁ፣ በቀጠሮው ሰዓት አንዳቸውም ሳይመጡ ቀሩ። በኋላ ስንጠይቃቸው አንደኛው «የሰው ዘፈን ማድመቅ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» ብሎ መለሰልን። እኛም በዚያች ምሽት «ግድ የለም፤ ዋናው ዘፋኙ ነው» ብለን መጋረጃውን ከፈትን።

ዘፋኛችን ድምፁ መልካም ነው፤ ማንም ይመሰክርለታል። የመጀመሪያውን ስንኝ ጣለ፤ መልስ የለም። ሁለተኛውን ጣለ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው ላይ ልጁን ላብ ላብ አለው፤ ተመልካቹም ስልኩን መነካካት ጀመረ። በዚህ መካከል ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ተቀበለችው። ከአጠገቧ የነበሩትም ተከተሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ በእስክስታ ተናወጠ። በማግሥቱ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የዘፋኙ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አየን። የልጅቷን ስም ግን የጻፈ የለም፤ እኛም አዘጋጆቹ አልጠየቅናትም።

ይህ ነገር ሲከነክነን ከረመ። ስለዚህ ጉዳይ ስንጨዋወት ወሬያችን ሁሉ እየዞረ ወደ አንድ ቤተሰብ ይመለስ ስለ ነበር፣ የዚያን ቤተሰብ የሙዚቃ ጉዞ ለጓደኞቻችን በዚህ መጽሔት ልናስረዳ ፈለግን። ቤተሰቡ የሽባባው ልጆች ናቸው። እጅጋየሁ ሽባባውን፣ ሕዝቡ «ጂጂ» የሚላትን፣ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። እህቷን ትዕግሥትን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ አልበሞቹ ላይ የታተመው እንደዚያ ስለ ሆነ ነው።

፩. ከጣና ዳር እስከ ቻግኒ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው፣ እንጅባራ ላይ ትልቁን የአዲስ አበባ መንገድ ትቶ ወደ ምዕራብ ሲገነጠል ቻግኒን ያገኛል። ከተማዋ በአዊ ዞን ናት። በአካባቢዋ የአገው፣ የአማራና የጉሙዝ ሕዝብ በገበያና በጉርብትና ይገናኛል። መንገዱ በዚያ አያበቃም፤ ወደ መተከል፣ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ ይዘልቃል። ጉባ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራበት ስፍራ ነው። እኛ እዚህ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሲወጣ የምናየው ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ዞሮ በዚያ በኩል አገሩን ይሰናበታል። እንግዲህ እጅጋየሁ በ1974 የተወለደችው በዚህ ወንዝ ክብ ውስጥ ነው። ዓባይን ርእስ አድርጋ ስትዘፍን ከመጽሐፍ ያነበበችውን ሳይሆን የጎረቤቷን ነገር መናገሯ ነበር።

የሽባባው ቤት ልጅ የበዛበት ቤት ነው። ከዚያ ቤት ቢያንስ ሦስት ድምፆች ለሕዝብ ወጥተዋል። አንደኛዋ እጅጋየሁ ናት። ሁለተኛዋ ትዕግሥት ናት። ሦስተኛዋ ሶፊያ ዘፈን ትታ በመንፈሳዊ መዝሙር የታወቀች ናት። ሦስቱ በሦስት መንገድ ይሂዱ እንጂ፣ ድምፃቸውን አከታትሎ ለሰማ ሰው ምንጩ አንድ መሆኑ አይሰወረውም።

እጅጋየሁ ዜማ የተማረችው በቤታቸው ከነበሩ ቄስ መሆኑ ይነገራል። ይህን ነገር ጎጃምን የማያውቅ ሰው እንደ ተራ ወሬ ያልፈው ይሆናል። ጎጃም ግን የቅኔና የዜማ አገር ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ ደብሮች ተማሪ ከየአገሩ የሚጎርፍባቸው ነበሩ። ሴት ልጅ በቅኔ ማኅሌት ገብታ ጸናጽል ይዛ አታሸበሽብም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ጆሮዋን ግን የሚከለክላት የለም። በቤት ውስጥ ያለው ድምፅ ለወንድም ለሴትም እኩል ይሰማል። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ፣ ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም፣ እንዲህ ባለ መንገድ በስንት የአገራችን ሴቶች ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚኖር ማን ቈጠረው?

፪. አውጪና ተቀባይ ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ እህትማማቾቹ ሥራ ከመግባታችን በፊት ስለ አዘፋፈናችን አንድ ነገር ማብራራት ይኖርብናል። የአገር ቤት ዘፈን ብቻውን አይቆምም። አንድ አውጪ አለ፤ ተቀባዮች አሉ። አውጪው ስንኙን ይጥላል፤ ተቀባዩ ያነሣዋል። ለቡሄ ሆያ ሆዬ ያልጨፈረ ወንድ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው፤ እዚያ ላይ አውጪው አንድ፣ ተቀባዩ መንደሩ ሁሉ ነው። ሠርግ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሚዜዎቹ ካልተቀበሉ ሙሽራው ከቤት አይወጣም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ነገሩ አይለይም። መዘምራኑ በሁለት ወገን፣ ቀኝና ግራ፣ ሆነው ይቆማሉ። አንደኛው ወገን የጀመረውን ሌላው ይቀበላል። ለዚህም «ቀኝ ጌታ» እና «ግራ ጌታ» የሚባሉ ማዕረጎች አሉ። ልብ በሉ፤ የሚቀበለው ወገን ለራሱ ጌታ ተሹሞለታል! የአባቶቻችን ሥርዓት ለተቀባይ ማዕረግ ሲሰጥ፣ እኛ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ስሙን እንኳ ነፈግነው ማለት ነው።

በአዝማሪ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ያስብና «ተቀበል!» ብሎ ይጮኻል። ሰውዬው ሲሰጥ አዝማሪው ይቀበላል፤ በማሲንቆው አስጊጦ ለሕዝቡ መልሶ ይናገራል። እዚያ ተቀባይ ማለት ባለሙያው ራሱ ነው። የሰማውን ስንኝ ወዲያው በቅኝቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ቤቱን ሳይሰብር፣ ሰሙንና ወርቁን ሳያፈስ መመለስ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር እንጨምር። የፈረንጆች ዘፋኞች ሁለት ሆነው ሲዘፍኑ ብዙውን ጊዜ አንዱ ዜማውን ይይዛል፤ ሌላው ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሌላ ድምፅ ይደርብበታል። በእኛ ዘፈን የተለመደው ይህ አይደለም። በትዝታም ይሁን በባቲ፣ በአምባሰልም ይሁን በአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱም ሰዎች የሚዘፍኑት ያንኑ አንድ ዜማ ነው። ልዩነቱ በጌጡ ላይ ነው። አንዷ ድምፅዋን ስታንቀጠቅጥ ሌላዋ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ አንዷ ትንፋሽ ስትወስድ ሌላዋ ክፍተቱን ትሞላለች። ስለዚህ ተቀባይ ጥላ ነው ማለት ስሕተት ነው። ተቀባይ ዘፈኑ እንዳይወድቅ የሚይዘው ሁለተኛው እጅ ነው።

፫. ፈረንጆች ይህን ምን ይሉታል?

በአሜሪካ የደቡብ ገጠር «ካንትሪ» የሚባል ሙዚቃ አለ። በእኛ ቋንቋ የባላገር ዘፈን ብንለው አንሳሳትም። ይህ ሙዚቃ በወንድማማችና በእህትማማች ባንዶች የታወቀ ነው። በነሐሴ 1927 በቴነሲ ግዛት በብሪስቶል ከተማ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው የካርተር ቤተሰብ፣ ባል፣ ሚስትና የሚስቲቱ ዘመድ ሆነው የተነሡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ በኋላ የሉቪን ወንድማማቾች፣ አይራና ቻርሊ፣ መጡ። ከዚያም ዶንና ፊል ኤቨርሊ ተነሥተው ከ1957 ጀምሮ በዓለም ሁሉ ተሰሙ።

አሜሪካኖቹ የእነዚህን ሰዎች አብሮ መዝፈን «የደም ስምምነት» ይሉታል። ነገሩ ተአምር አይደለም። በአንድ ቤት ያደጉ ሰዎች አፋቸውን የሚከፍቱት በአንድ ዓይነት ነው፤ አነጋገራቸው፣ ትንፋሻቸው፣ የሚቸኩሉበትና የሚዘገዩበት ቦታ አንድ ነው። እንግዳ ሰው ዓመት ተለማምዶ የሚያገኘውን፣ እህትማማች ሳይነጋገሩ ያገኙታል። የቻግኒ እህትማማቾችንም የምናያቸው በዚህ ዓይን ነው።

፬. ጉዞው

በአገራችን ቤተሰብ ውስጥ «ልጄ ዘፋኝ ትሁን» ብሎ የሚመርቅ ወላጅ ከስንት አንድ ነው። አዝማሪን ሠርግ ላይ ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ በማግሥቱ «አዝማሪ!» ብሎ የሚሰድብ ማኅበረሰብ መሆናችንን መካድ አይገባንም። እጅጋየሁም የዘፈን ሥራዋን ያስፋፋችው ከአገር ወጥታ ነው። በመጀመሪያ በኬንያ ቆየች፤ ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግራ በሳን ፍራንሲስኮ ተቀመጠች። «ፀሐይ» የተባለው አልበሟ በ1997፣ «አንድ ኢትዮጵያ» የተባለው በ1998 ወጣ። እነዚህን የሰማቸው በተለይ በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነበር።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክሪስ ብላክዌል የተባለው ሰው፣ ቦብ ማርሌን ለዓለም ያስተዋወቀውን የአይላንድ ኩባንያ የመሠረተው፣ ድምፅዋን ሰማና ፓልም ፒክቸርስ በተባለው በአዲሱ ኩባንያው አስፈረማት። ሥራውን እንዲመራ የተመረጠው ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል የቤዝ ጊታር ተጫዋችና አቀናባሪ ነው፤ በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር በሠራው ሥራ ስሙ ገንኗል። በኋላም እርሱና እጅጋየሁ ትዳር መሠረቱ።

በ2001 በራሷ ስም የተጠራው አልበም ወጣ። እኛ አገር ግን «ጉራማይሌ» በሚለው ዘፈን ስም ይጠራል። አብረዋት የተጫወቱትን ስም ብንጠቅስ የጃዝ ወዳጅ የሆነ ሁሉ ይገረማል፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮዋ ሳንደርስ፣ ሄንሪ ስሬድጊል። ሃንኮክና ሾርተር ከማይልስ ዴቪስ ጋር፣ ሳንደርስ ከጆን ኮልትሬን ጋር ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። የቻግኒ ልጅ በአማርኛ ስትዘፍን እነዚህ ሰዎች በሳክስፎናቸውና በፒያኖአቸው ተቀበሏት።

«ጉራማይሌ» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል። ጉራማይሌ ማለት በጥንት ጊዜ የሴቶች ጌጥ ነበር፤ ድድን እያለፉ መነቀስ ነው፤ አንዱ ስፍራ ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ያለው ሳይነካ ይቀራል። በኋላ ቃሉ ለተደባለቀ ነገር ሁሉ ሆነ። አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሚናገረውን ተማሪ «ጉራማይሌ ተናጋሪ» እንለዋለን፤ በመካከላችንም አይጠፋም! ነገር ግን ጉራማይሌ መጀመሪያ ስድብ አልነበረም፤ ቁንጅና ነበር። ቁንጅናውም የሚመጣው ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ፣ ያልተነካውም ሳይነካ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ቀለሙ ከፈሰሰ ጌጥነቱ ቀረ።

በዚያ አልበም ላይ «ዓባይ» የተባለው ዘፈን አለ። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በ2011 ነው፤ ዘፈኑ ዐሥር ዓመት ይቀድመዋል። በ1896 የተገኘውን ድል የሚያስታውሰው «አድዋ» ም በዚሁ አልበም ላይ ይገኛል። በየካቲት ወር ይህን ዘፈን የማይሰማ ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2003 ደግሞ ላስዌል ይህንኑ አልበም መልሶ ፈትቶ፣ ዜማውን አርቆ፣ ቤዙንና ማስተጋቢያውን አጉልቶ በሌላ መልክ አወጣው። የሰውየው ችሎታ አይካድም፤ የእኛ ጆሮ ግን በዚያ ሥራ ላይ የሰውን ድምፅ ፍለጋ ይንከራተታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚያው በ2003 «ዚዮን ሩትስ» የተባለ ሌላ አልበም ወጣ። የባንዱ ስም «አቢሲንያ ኢንፊኒት» ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ላስዌል የኤሌክትሪክ ቤዙን አስቀምጦ እንጨት ጊታር አነሣ። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ወደ ፊት መጡ። ዘፈኖቹም በብዛት ከጥንት ጀምሮ በየመንደሩ የሚታወቁ ናቸው። «ባቲ ባቲ» የሚለውን ብቻ ብንወስድ፣ ባቲ በወሎ ያለች የታወቀች የገበያ ከተማ ናት፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱም ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። በዚህም አልበም ላይ ትዕግሥት ሽባባው ከእህቷ ጋር ዘፈነች።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። በ2001 የዓለም ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ተቀባይ ነበሩ፤ ሥራው ግሩም ነበር። ወደ አገር ቤት ዘፈን ለመመለስ በተፈለገ ጊዜ ግን ሳክስፎን አልበቃም። ስንኙ ሲጣል የት ላይ እንደሚነሣ ሳይነገረው የሚያውቅ ጉሮሮ አስፈለገ። ያ ጉሮሮ በኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በማስታወቂያ ተፈልጎ አይገኝም። የሚገኘው በአንድ ምጣድ ዙሪያ አብረው ካደጉት ዘንድ ነው።

ትዕግሥት ግን የእህቷ ተቀባይ ብቻ ሆና አልቀረችም። በኒው ዮርክ ማኪ ሲራጅ የተባለው ኢትዮጵያዊና ዴቪድ ሾመር የተባለው አሜሪካዊ አቀናባሪ «ቦሌ ቱ ሃርለም» የሚባል የሙዚቃ ኅብረት መሥርተው ነበር። ስሙ ከአዲስ አበባው ቦሌ እስከ ኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ማለት ነው። የመጀመሪያው አልበማቸው በ2006 ወጣ። ከድምፃውያኑ አንዷ ትዕግሥት ነበረች። በአልበሙ ላይ «ሆያ ሆዬ» የተባለ ሥራ አለ፤ የቡሄው ጭፈራ ከሂፕ ሆፕ ምት ጋር ተጋብቶበታል። አስቡት፤ አውጪና ተቀባይ የሚለው የመንደራችን ሥርዓት በሃርለም ጎዳና! እዚያ ላይ የትዕግሥት ድምፅ ብቻውን ቆሞ ይሰማል። ከእህቷ ድምፅ ጠንከር ያለ፣ መሬት መሬት የሚል፣ ለእስክስታ የተሠራ ድምፅ ነው። ስለ እርሷ «የጂጂ እህት» ብሎ ማለፍ ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ይህን አንድ አልበም መስማት ይበቃል።

በዚያው በ2006 እጅጋየሁ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን አልበም አወጣች። ርእሱ ከወዴት እንደ መጣ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ በሁለት መንገድ፣ ከአንድ ቤት የወሰዱትን ለዓለም ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭርና መራር ነው። ትዕግሥት በ2008 ገና በወጣትነቷ ዐረፈች። በ2010 «ምስጋና ኢትዮጵያ» የተባለው፣ እጅጋየሁ «ማቴሪያል» ከተባለው ከላስዌል ባንድ ጋር በመድረክ የተጫወተችው አልበም ወጣ። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የሁለቱን ታሪክ የሚያውቅ አድማጭ፣ በዘፈኑ ክፍተት ውስጥ ማን እንደ ጐደለች ያስባል።

፭. ስለ አንድ ክርክር

በመኝታ ቤቶቻችን ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «ፈረንጅ ዘፈናችንን ቀማን፤ ማሲንቆውን በኤሌክትሪክ ዋጠው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ባይሆን ኖሮ ማን ይሰማን ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ አውጪዋና ስለ አቀናባሪው ብቻ ነው። ስለ ተቀባይ የሚያነሣ የለም።

እኛ ግን ጥያቄው ከዚያ እንዲጀምር እንፈልጋለን። ዘፈናችን የእኛ ሆኖ የሚቆየው በመሣሪያው ዓይነት አይመስለንም። ክራር ይዞ የፈረንጅ ዘፈን የሚዘፍን አለ፤ ፒያኖ ይዞ አንጀት የሚበላ ትዝታ የሚጫወትም አለ። ዘፈኑ የእኛ የሚሆነው፣ አንዱ ሲጥል ሌላው የሚያነሣበት ሥርዓት እስካለ ድረስ ነው። ሃንኮክና ሾርተር የተዋጣላቸው ይህ ስለ ገባቸው ነው፤ ጃዝም በጥያቄና በመልስ የሚኖር ሙዚቃ ነውና። ዘፈኑ የሚሞተው ሁሉም አውጪ ልሁን ብሎ ተቀባይ ሲጠፋ ነው። በባህል ምሽታችን ላይ በዐይናችን ያየነው ይህንኑ ነው።

ይህ ስለ ዘፈን ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳል። በየክበባችን ሊቀ መንበር ለመሆን የሚወዳደረው ብዙ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ግን ይጠፋል። ይህን መጽሔት ራሱን ውሰዱት። ጽሑፍ አምጥቶ ስሜ ይውጣልኝ የሚል አለ፤ ሌሊቱን ተቀምጦ የሚያባዛው፣ ገጹን የሚያስተካክለው፣ በስቴፕለር የሚያያይዘው ልጅ ስሙ የትኛውም ገጽ ላይ የለም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለተኛውን ሰው ግን ስሙን አንጠይቀውም።

ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የሉቪን ወንድማማቾች ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሰናል። አይራ በ1965 በመኪና አደጋ ሞተ። ቻርሊ ብቻውን እየዘፈነ እስከ 2011 ኖረ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ማይክራፎን ይዘፍኑ ስለ ነበር፣ ድምፃቸው የሚገናኝበት ቦታ ሲደርስ ቻርሊ ገለል ብሎ ለወንድሙ ስፍራ ይለቅ ነበር። ወንድሙ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ ማንም አጠገቡ እንደሌለ እያወቀ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ገለል ማለቱን እንዳልተወ ተናግሯል።

እኛም ከጓደኞቻችን የምንለምነው ይህን ያህል ነው። ማታ ማታ በጣና ዳር በእግራችን ስንመለስ፣ ከየቡና ቤቱ የጂጂ ዘፈን ሲሰማ፣ አውጪዋን ብቻ ሳይሆን ተቀባይዋንም እናድምጥ። «ዚዮን ሩትስ» ን ያላችሁ ለሌላችሁ አውሱ። የ2006ን «ቦሌ ቱ ሃርለም» ፈልጋችሁ ስሙ፤ ስሟንም ትዕግሥት ሽባባው ብላችሁ ሙሉውን ጥሩ።

እኛ በበኩላችን ለሚመጣው የባህል ምሽት ከወዲሁ አንድ ነገር ወስነናል። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ የተቀባዮች ስም ከዘፋኙ ስም እኩል በሆነ ፊደል ይጻፋል። የመጀመሪያው መስመር ግን ለጊዜው ባዶ ነው። ያን ዕለት ከኋላ ወንበር ሆነሽ የተቀበልሽው እህታችን፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ እባክሽ ወደ መጽሔቱ ክፍል ብቅ በዪና ስምሽን ንገሪን። በጊዜው ሳንጠይቅሽ በመቅረታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።